የሣጥኗ በር ላይ ያሉት ጳጳስ፦ የነጻ አውጪነት ሥነ መለኮት ወንጌል ነው ወይስ ፖለቲካ?

መንገደኛው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማታ ማታ የምሠራው ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አብረውኝ ከሚሠሩት ግማሾቹ የመካከለኛው አሜሪካዋ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው። ዲሲና ሜሪላንድ የኖረ ያውቀዋል፤ እኛና እነሱ የምንከራየው አንድ ሕንጻ፣ የምንሳፈረው አንድ አውቶቡስ ነው። አንዲት እናት የልብስ ሣጥኗን በከፈተች ቁጥር በበሩ ውስጠኛ ገጽ የተለጠፈ ፎቶ አያለሁ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ነጭ የለበሱ ካህን። አባቷ ወይም አጎቷ ይመስሉኝ ነበር። አንድ ማታ ማን እንደሆኑ ጠየቅኋት። "ሞንሴኞር" አለችኝ፤ ስም አልጨመረችም። ልጅ ሳለች እናቷ እሑድ እሑድ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጣ ስብከታቸውን ትሰማ ነበር። ጎረቤቱም ሁሉ እንደዚያው ስለሚያደርግ፣ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው አንድ ቃል ሳያመልጠው ሰምቶ ይጨርስ ነበር አለችኝ።

ከዚያች ማታ ወዲህ ሳነብ ሰነበትኩ። ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ ናቸው። በፌብሩዋሪ 1977 በዋና ከተማዋ በሳን ሳልቫዶር ሲሾሙ ደስ ያላቸው የቡና መሬቱን የያዙት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ያዘኑት ከገበሬው ጋር የሚውሉት ካህናት። ሰውየው ጠንቃቃ፣ ከመንግሥት ጋር የማይጋጩ ተብለው ነበር የሚታወቁት። ገና ወር ሳይሞላቸው፣ ማርች 12፣ ወዳጃቸው አባ ሩቲልዮ ግራንዴ ለቅዳሴ በመኪና ሲሄዱ ከአንድ አዛውንትና ከአንድ ታዳጊ ልጅ ጋር በጥይት ተገደሉ። አባ ግራንዴ በአጊላሬስ አካባቢ ሸንኮራ አገዳ የሚቆርጡትን ሰዎች ሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ ያስነብቡ ነበር። ማንበብ የጀመረ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ስለ መሬቱና ስለ ደሞዙ መጠየቅ ይጀምራል። ጥፋታቸው ይኸው ነው።

ሮሜሮ ያን ሌሊት ከሦስቱ አስከሬን ዘንድ ሄዱ። ከሳምንት በኋላ በዋለው እሑድ በመላው ሀገረ ስብከታቸው ሌላ ቅዳሴ እንዳይኖር አዝዘው ሕዝቡን ወደ አንድ ካቴድራል ሰበሰቡ። ግድያው እስኪጣራ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ላይ አልገኝም አሉ፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ ሲፈጽም አልሄዱም። ሦስት ዓመት ሙሉ በእሑድ ስብከታቸው፣ ወንጌሉን ከተረጎሙ በኋላ፣ በዚያ ሳምንት የተገደሉትንና የደረሱበት የጠፋውን ሰዎች ስም ያነብቡ ነበር። ጋዜጣው የማይጽፈውን እናቶች ከእሳቸው አፍ ይሰሙት ነበር። ማርች 23 ቀን 1980 ለወታደሮቹ በቀጥታ ተናገሩ፦ የምትገድሉት የገዛ ወንድሞቻችሁን ነው፣ የእግዚአብሔርን ሕግ የሚጥስ ትእዛዝ ማንም አይገደድበትም፣ በእግዚአብሔር ስም አዝዛችኋለሁ፣ ጭቆናውን አቁሙ አሉ። በማግስቱ ማምሻውን፣ በሚኖሩበት የካንሰር ሕሙማን ሆስፒታል ጸሎት ቤት ሲቀድሱ፣ ስብከታቸውን እንደጨረሱ አንድ ጥይት ደረታቸውን መታቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እኛ ዘንድ ሰባኪው ስለ እስረኛ ወይም ስለ ተፈናቃይ አፉን ከከፈተ "ፖለቲካ ገባ" ይባላል። እኔ ራሴ ስል ኖሬአለሁ። ሮሜሮንም በሕይወት ሳሉ የገዛ አገራቸው ጳጳሳት ሳይቀሩ እንዲሁ ብለዋቸዋል። ሮም ግን፣ ዓመታት ከተከራከረችበት በኋላ፣ በእምነታቸው ምክንያት የሞቱ ሰማዕት ናቸው ብላ በ2018 ቅድስናቸውን አወጀች። የነጻ አውጪነት ሥነ መለኮት የሚባለው ትምህርት ዋና ቃል "እግዚአብሔር ከድሆች ጎን ይቆማል" ነው። ይህ ወንጌል ነው ወይስ ፖለቲካ? እኔ ወንጌል ነው ወደ ማለት እያጋደልኩ ነው። ሮሜሮን የለወጣቸው መጀመሪያ የወዳጃቸው አስከሬን ነው፤ ትምህርቱ ከዚያ በኋላ መጣ። የምትቃወሙኝ ሰዎች በተለይ ጻፉልኝ።

---

ጋሽ_አራት_ኪሎ

ልጄ፣ አጻጻፍህ ልብ ይነካል። ለሰውየው ክብር አለኝ። እኔ ግን "ነጻ አውጪ" የሚል ቃል ከመስቀል አጠገብ ሲቀመጥ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ምክንያቴን ልንገርህ።

በ1957 ዓ.ም. "መሬት ላራሹ" ብለው ከተሰለፉት ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። አልጸጸትበትም፤ ጭሰኛው አውድማው ላይ እህሉን አጋምሶ ለባለ መሬቱ ሲሰፍር በዓይኔ አይቻለሁ። በ1967 ዓ.ም. አዋጁ ሲታወጅ አልቅሻለሁ፣ በደስታ። ሦስት ዓመት አልቆየም። በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜን በሌሊት ከቤት ወሰዱት፤ አስከሬኑን እንኳ አላገኘንም። እናቴ እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያለቀሰችው። የወሰዱት ልጆች "ጭቁኑ ሕዝብ" ከማለት አፋቸው አያርፍም ነበር። ወንድሜም ራሱ "ጭቁኑ ሕዝብ" ይል ነበር።

ስለዚህ የላቲን አሜሪካ ካህን "መደብ"፣ "ትግል"፣ "ጭቁን" ሲል የማየው ሌላ ነገር ነው። ካሚሎ ቶሬስ የሚባለው የኮሎምቢያ ካህን ልብሰ ተክህኖውን አስቀምጦ ጫካ ገባ፣ በ1966 በውጊያ ሞተ። ኒካራጓ ውስጥ ካህናት የአብዮታዊው መንግሥት ሚኒስትር ሆኑ። በ1983 የሮሙ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ማናጓ አየር ማረፊያ ሲደርሱ ተንበርክኮ የተቀበላቸውን የባህል ሚኒስትር፣ ካህኑንና ገጣሚውን ኤርኔስቶ ካርዴናልን፣ ጣታቸውን እየነቀነቁ ሲገሥጹት ዓለም አይቷል። ከዚያስ? ያ አብዮት የወለደው መሪ ኦርቴጋ ዛሬ ጳጳሳትን የሚያስር፣ የሚያባርር ሰው ሆነ። ካርዴናልም በስተርጅናው አምባገነን ብሎ አውግዞት ነው የሞተው።

ቤተ ክርስቲያን ለድሃው ትራራ፣ ታብላው፣ ታልብሰው። ለሥልጣን የሚደረግ ጠብ ውስጥ ከገባች ግን ነገ የሚገዛውንም መባረኳ አይቀርም።

---

ሰሚነሪ_ተማሪ

ጋሼ፣ ስለ ወንድምዎ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በተናገሩት ላይ አንድ ሁለት ነገር እንድጨምር ይፍቀዱልኝ፤ ሦስተኛ ዓመት ጥናቴን የምጽፈው በዚሁ ነው።

ይህን ትምህርት በስሙ የጠሩት የፔሩ ካህን አባ ጉስታቮ ጉቲዬሬዝ ናቸው። በልጅነታቸው በአጥንት በሽታ ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር አሳልፈዋል፤ በኋላ በሊማ በድሆች ሰፈር፣ በሪማክ፣ ካህን ሆነው ኖሩ። በ1968 ክረምት ቺምቦቴ በሚባል የዓሣ ከተማ ለካህናት ባደረጉት ንግግር ሐሳቡን ጀመሩት፤ መጽሐፋቸው በ1971 ወጣ። በዚያው በ1968 የላቲን አሜሪካ ጳጳሳት ሜደሊን ኮሎምቢያ ላይ ተሰብስበው ድህነቱን የግፍ ሥርዓት ውጤት አሉት። በ1979 በሜክሲኮ ፑዌብላ ደግሞ "ለድሆች ቅድሚያ መስጠት" የሚለው ቃል በጳጳሳቱ ሰነድ ገባ።

ጉቲዬሬዝ "ልማት" የሚለውን ቃል ትተው "አርነት መውጣት" ያሉበት ምክንያት እኛን ይመለከታል። በ1960ዎቹ ሁሉም ነገር ልማት ነበር። ልማት ሲባል ድሃው ወደ ኋላ የቀረ ሰው ነው፤ ይርዳ፣ ይድረስ ይባላል። ለምን ወደ ኋላ ቀረ፣ ማን ያዘው የሚለው አይጠየቅም። አርነት ሲባል ግን ያሰረው አለ ማለት ነው። በእኛም ቋንቋ "አርነት ወጣ" ይባል የነበረው ለባሪያ ነው፤ ባሪያው ደግሞ ጌታ አለው።

አርነቱን ግን በአንድ ደረጃ አላቆሙትም። ከሚጫነው ሥርዓት መውጣት አለ። ሰው የገዛ ታሪኩን የሚሠራ፣ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው መሆን አለ። ከሁሉም በታች ደግሞ የግፍ ሁሉ ሥር ከሆነው ከኃጢአት መውጣት አለ። ሦስቱ አይነጣጠሉም፣ አንዱም በሌላው አይተካም። ጋሼ፣ የእርስዎ ወንድም ገዳዮች የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የያዙት፤ ሦስተኛውን ተረት ነው ብለው ጣሉት። ጉቲዬሬዝ ያን አላደረጉም፤ በ2024 በ96 ዓመታቸው ያረፉት ካህን እንደሆኑ ነው፤ ትምህርታቸውም አልተወገዘም።

ጥንቃቄዎ ግን ከንቱ አይደለም። በ1984 ካርዲናል ራትዚንገር የሚመሩት የሮም ጽሕፈት ቤት ያወጣው ሰነድ ያስጠነቀቀው እርስዎ ያሉትን ነው፤ የማርክሲስቶችን ትንተና ሳይመረምሩ መዋስ ወንጌሉን ወደ መደብ ጠብ ያወርደዋል አለ። በማግሥቱ ዓመት ይህንኑ ትምህርት የሚጽፈው ብራዚላዊ ካህን ሊዮናርዶ ቦፍ ዝም እንዲል ታዘዘ። ሰነዱን ሙሉውን ያነበበ ሰው ግን ሌላም ነገር ያገኛል፤ ማስጠንቀቂያው ግፍ እያዩ ዝም ለሚሉት ማመካኛ እንዳይሆን ይላል። በ1986 የሮሙ ጳጳስ ራሳቸው ለብራዚል ጳጳሳት በጻፉት ደብዳቤ ይህ ሥነ መለኮት፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር እስከተስማማ ድረስ፣ ጠቃሚም አስፈላጊም ነው ብለዋል።

---

ከሳሪስ

ሮሜ 13፥1 "ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ"። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል።

---

ጆበርግ_ነኝ

ከሳሪስ ወንድሜ፣ የምኖረው ጆሃንስበርግ ነው፣ ጄፒ በሚባለው ሰፈር ሱቅ አለኝ። ይህን ጥቅስ እዚህ አገር እንደዚያ አድርገህ ብትጠራው ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ያዩሃል። አፓርታይድ ሲገዛ የነጮቹ ሰባኪዎች ያነብቡት የነበረው እሱን ነው።

በሴፕቴምበር 1985፣ አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ሳለ፣ ከ150 በላይ ካህናትና ምእመናን የፈረሙበት "ካይሮስ" የሚባል ሰነድ እዚህ ወጣ። ሥነ መለኮትን ሦስት ቦታ ከፈሉት። የመጀመሪያው የመንግሥት ሥነ መለኮት ነው፤ ሮሜ 13ን ይዞ ግፉን የሚባርክ። ሁለተኛውን የቤተ ክርስቲያን ሥነ መለኮት አሉት፤ "ታረቁ፣ ታረቁ" የሚል፣ ግን የተወሰደው ይመለስ የማይል። ሦስተኛው የነቢያት ነው። በመጀመሪያው ማንም አይገረምም። ሰውን ያስቆጣው ሁለተኛው ነው፤ የራሳቸውን ቤት ነክተዋልና። ግፈኛው ግፉን ሳይተው ተበዳዩን ታረቅ ማለት ግፉን ማገዝ ነው አሉ። ያን ክፍል ሳነብ የእኛን አገር እርቆች እያሰብኩ ነበር።

ጳውሎስም ቢሆን ያን ደብዳቤ ከጻፈ በኋላ በዚያው በሮም ባለ ሥልጣን እጅ ነው የሞተው።

---

ዘመርጡለ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኔ ዲያቆን ነኝ። ነገሩ ከላቲን አሜሪካ የመጣ እንግዳ ትምህርት ተደርጎ መወራቱ ቅር ስላሰኘኝ ነው የምጽፈው። ዮሐንስ አፈወርቅን ያነበበ ሰው ምን አዲስ ነገር ሰማ? የጌታን ሥጋ በመቅደስ ውስጥ በሐር አታክብር፣ ውጭ በብርድ የቆመውን እሱን ራቁቱን እያለፍከው፣ ያለው ማን ነው? ባስልዮስስ፣ ጎተራህ ውስጥ ያለው እንጀራ የተራበው ሰው ንብረት ነው፣ ሣጥንህ ውስጥ ያለው ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው ብሎ የሰበከው መቼ ነው? በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። ልብ በሉ፣ "ስጠው" ብቻ አላለም፤ "የእሱ ነው" አለ። ምጽዋትና ፍትሕ የሚለያዩት እዚህች ቃል ላይ ነው። ጋሼ "ታብላው፣ ታልብሰው" ያሉት ባስልዮስ ዘንድ ዕዳ መመለስ ነው።

ደግሞስ በየቀኑ ምን እንጸልያለን? ከአቡነ ዘበሰማያት ጋር እመቤታችን የጸለየችውን እንደግማለን፤ "ወነሠቶሙ ለኃያላን እመናብርቲሆሙ"፣ ኃያላኑን ከዙፋናቸው አወረዳቸው። "ወአጽገቦሙ እምበረከቱ ለርኁባን"፣ የተራቡትን አጠገባቸው። "ወፈነዎሙ ዕራቆሙ ለብዑላን"፣ ባለ ጠጎቹን ባዶ እጃቸውን ሰደዳቸው። እናቶቻችን ፊደል ሳያውቁ ይህን በቃላቸው ይዘውታል። በዜማው ስላደግን ቃሉ አይከብደንም እንጂ፣ እንደ አዲስ ቢሰሙት ያስደነግጣል።

ሌላው ዘጸአት 3፥7 ነው፤ "በግብፅ ያለውን የሕዝቤን መከራ በእውነት አየሁ፥ ከአስገባሪዎቻቸውም የተነሣ ጩኸታቸውን ሰማሁ።" የእኛ ተርጓሚዎች የመረጡትን ቃል እዩት። አስገባሪ! ገባርና አስገባሪ የኖሩበት አገር ሰው ሲተረጉመው እንዲህ ነው የሚወጣው።

እዚህ ላይ መናገር የሚከብደኝን ልናገር። ያ ቃል በመጽሐፋችን እያለ፣ ገዳማቱና አድባራቱ ራሳቸው ባለ ጉልት ነበሩ፤ ለእነሱም የሚገብር ገበሬ ነበር። ጋሼ ያዩት ጭሰኛ እህሉን ሲሰፍር፣ በአንዳንድ ቦታ የሚሰፍረው ለደብር ነበር። ቤተ ክርስቲያኔን ስለምወዳት ነው የምለው፦ ያኔ ከመድረኳ "አስገባሪ" የሚለው ቃል ተተርጉሞ ቢሰበክ ኖሮ፣ እነዚያ ተማሪዎች ስለ ድሃው ለመናገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ወጥተው ሌላ መጽሐፍ ባልፈለጉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

---

ጋሽ_አራት_ኪሎ

ዲያቆን፣ የመጨረሻዋ አንቀጽህ እውነት ናት። እኛ ያኔ ቤተ ክርስቲያን ሄደን የጠየቅነው ነገር አልነበረም፤ መልስ ይኖራል ብለን አላሰብንም።

---

የነቀምቴ_ልጅ

እስካሁን የሁላችሁንም አነበብኩ፤ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም አለመነሣቱ ገረመኝ። የመካነ ኢየሱስ ልጅ ስለሆንኩ እኔ ላንሣው።

ቄስ ጉዲና ወለጋ ቦጂ ተወልደው፣ ነቀምቴ ሆስፒታል የሐኪም ረዳት ሆነው ሠርተው፣ በኋላ አሜሪካ ሚኒሶታ ሥነ መለኮት ተምረው፣ ከ1966 ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በ1972፣ የጉቲዬሬዝ መጽሐፍ በወጣ በዓመቱ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለጉድጓድ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ስብከት ግን አይሰጡም። ያኛው ልማት ነው፣ ይህኛው ሃይማኖት ነው ብለው ከፍለውታል። ደብዳቤው ሰው አይከፈልም አለ። ሥጋውን እየመገባችሁ ነፍሱን የማትጠይቁት ሰው፣ ወይም ነፍሱን እያዳናችሁ ሥጋውን የምትተዉት ሰው፣ እኛ መንደር ውስጥ የለም፤ እኛ የምናውቀው ሙሉ ሰው ነው። "ሁለንተናዊ አገልግሎት" የሚባለው ሐሳብ ከዚያ ነው የመጣው። ተማሪው ወንድማችን ከልማት ወደ አርነት ያለው ነገር ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን ኮርጆ አይደለም፣ ሁለቱም የጻፉት ድሃው መካከል ተቀምጠው ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኗ የመሬቱን አዋጅ አልተቃወመችም። በ1975 በወጣው የእረኝነት ደብዳቤዋ ግን ማንኛውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም፣ ፍጹም ታማኝነት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው አለች። ደርግ ይቅር ያላላት ይህን ነው። ቄስ ጉዲና ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከጸሎት ቤት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። የተቀበሩበት የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1992 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት ታሰሩ። ከሥልጣን ወርደው ታስረው የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ነው የተገደሉት።

ጋሼ፣ የእርስዎን ወንድም የወሰደው ያው እጅ ነው።

---

መንገደኛው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የነቀምቴ ልጅ፣ ያንተን ጽሑፍ ሳነብ ቀኖቹን ወረቀት ላይ አስቀመጥኳቸው። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ቄስ ጉዲና የታፈኑት ጁላይ 28 ቀን 1979 ነው። በዘጠነኛው ቀን፣ ኦገስት 6፣ የኤል ሳልቫዶር የደብረ ታቦር በዓል ዕለት፣ ሮሜሮ አራተኛውን የእረኝነት ደብዳቤያቸውን አወጡ። በዚያ ደብዳቤ የአገራቸውን ጣዖታት አንድ በአንድ ጠቀሱ። ሀብት ጣዖት ሆኗል አሉ። የአገር ደኅንነት የሚሉት ጣዖት ሆኗል አሉ። ሦስተኛውን ግን ስሙት፤ ድርጅትም ጣዖት ሆኗል አሉ። ማንን ነው የሚናገሩት? ለድሃው እንታገላለን የሚሉትን፣ የራሳቸውን ምእመናን ያቀፉትን የገበሬና የሠራተኛ ድርጅቶች ነው። የመደራጀት መብታቸውን ሌት ተቀን ሲሟገቱላቸው የኖሩ ሰው፣ ድርጅታችሁን ከሕዝቡና ከእግዚአብሔር በላይ አታድርጉት አሏቸው።

አሁን የመካነ ኢየሱስን የ1975 ቃል ከጎኑ አስቀምጡት፤ ርዕዮተ ዓለም ፍጹም አይደለም። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሳን ሳልቫዶር ሆኖ፣ ያሉት አንድ ነገር ነው። ስምንት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ተገደሉ። ጉዲናን የገደሉት ማርክሲስት ነን የሚሉ ናቸው። ሮሜሮን ያስገደለው፣ የተባበሩት መንግሥታት የእውነት አጣሪ ኮሚሽን በ1993 እንዳለው፣ ኮሚኒስት አጠፋለሁ የሚለው ሻለቃ ሮቤርቶ ዶቢሶን ነው። አንዱን "የኢምፔሪያሊስት ተላላኪ"፣ ሌላውን "ቀይ ጳጳስ" የሚያሰኝ ትምህርት ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ጋሼ፣ እርስዎ የፈሩት ነገር፣ ሰውን ለሐሳብ መሠዋት፣ እነዚህ ሁለቱም እምቢ ብለው የሞቱበት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ቶሬስ የተናገሩትን እቀበላለሁ። ስለ ኒካራጓም። ሮሜሮን ግን ከእነሱ ጋር አንድ ላይ አያስሯቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሥራ ባልደረባዬ የነገረችኝ ነው። በቀብራቸው ቀን አደባባዩ ላይ ቦምብ ፈነዳ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ብዙ ሰው ሞተ። አክስቷ እዚያ ነበረች። አንድ ጫማዋን እዚያ ጥላ በባዶ እግሯ ነው ቤት የደረሰችው። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ 12 ዓመት ፈጀ፣ ወደ 75 ሺህ ሰው አለቀ። ይህች ሴት ሜሪላንድ የመጣችው በዚያ ምክንያት ነው። እኔ ለምን እዚህ እንዳለሁ ታውቃላችሁ።

---

የጌታ_ቤት

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በቅንነት የምጠይቀው ነገር አለ። የላቲን አሜሪካ ድሆች በብዛት ወደ ጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት እንደሄዱ ይታወቃል። ካህናቱ "ድሃውን መረጥን" ሲሉ ድሃው ለምን ሌላ ቦታ ሄደ? የእኔ ግምት፦ ባሏ ሰክሮ የሚደበድባት ሴት ስለ መሬት ሥሪት ትንተና ከመስማት በፊት ባሏ መጠጥ እንዲያቆም ትፈልጋለች። እኛ ጋ ያን ታገኛለች። ሰው ከአጋንንትም፣ ከሱስም አርነት ይወጣል። ይህን ትምህርት የሚጽፉት ሰዎች ያንን አርነት ትንሽ አድርገው አይተውታል ብዬ አስባለሁ።

---

ሰሚነሪ_ተማሪ

ወንድሜ፣ ትክክል ነህ፤ ከጻፉት አንዳንዶቹም በኋላ ይህንኑ ተቀብለዋል። ጉቲዬሬዝ ራሳቸው ቆየት ብለው ስለ ጸሎትና ስለ ኢዮብ መከራ መጻሕፍት ጽፈዋል። ግን የትምህርቱ ልብ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። ብራዚል ውስጥ "መሠረታዊ ማኅበር" የሚሏቸው ነበሩ፤ አሥርም ሃያም ሰው በአንድ ቤት ይሰበሰባል፣ ካህን በወር አንዴ እንኳ ላይመጣ ይችላል፣ ወንጌሉን ያነብባሉ፣ ከዚያ "በዚህ ሳምንት የደረሰብን ምንድን ነው?" ይላሉ። ከእኛ የጽዋ ማኅበር ብዙ አይርቅም። የውኃ ቧንቧ የጠየቁት፣ ከመሬታቸው ሲፈናቀሉ የቆሙት ከዚያ ተነሥተው ነው። ሁሉም አልቀጠለም፤ ብዙው ተዳክሟል።

---

እህተ_ማርታ (ቤይሩት)

እዚህ የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የትምህርት ሰው አይደለሁም። ዲያቆኑ የጻፈው "አስገባሪዎቻቸው" የሚለው ቃል ስላስለቀሰኝ ነው።

ቤይሩት ስመጣ ማዳሜ ፓስፖርቴን ወሰደች። የመጀመሪያዎቹን 14 ወራት ከበር አልወጣሁም። ከፋላ የሚሉት አሠራር አለ፤ ካስመጣችሽ ሴት ቤት ከወጣሽ ወንጀለኛ ነሽ፣ ደሞዝሽን ባትከፍልሽም። አሁን በራሴ ነው የምሠራው፣ ዕረፍት አለኝ፤ እሑድ እሑድ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተከራይተን እንሰበሰባለን። ኦርቶዶክስም ጴንጤም ነን፤ እዚህ ማንም አይጠይቅም። ባለፈው ዓመት ዘጸአትን ከመጀመሪያው ጀመርን። ምዕራፍ ሦስት ላይ ስንደርስ አንዷ ልጅ አስቆመችን። "አየሁ አለ፣ ሰማሁ አለ፤ ደግሞ አንብቢው" አለች። ደግመን አነበብነው። ሦስት ጊዜ አስነበበችን። እሷ ከሁለተኛ ፎቅ ዘላ እግሯን የሰበረች ልጅ ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ስንሰበሰብ መጀመሪያ የምንጠይቀው "የማን ስልክ ዘግቷል?" ነው። ስልኳ የዘጋ ልጅ ካለች አድራሻዋን እናፈላልጋለን፣ ሁለት ሦስት ሆነን ሄደን በሩን እናንኳኳለን፤ የሚረዱንን ድርጅቶችም እንጠራለን። ሁለት ልጆች እንዲህ ወጥተዋል።

ይህን ነገር ፖለቲካ ነው ብሎ ማንም ነግሮን አያውቅም። ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ እኛ የእሑድ ጸሎት ነው የምንለው። ሰዎች ስም ካወጡለት ጥሩ ነው።

---

ዘመርጡለ

እህቴ፣ ያቺን ልጅ ሰላም በዪልኝ። ባለ እግሯን። አነበብኩት ብዬ ያለፍኩትን ቃል እሷ ናት ያነበበችው።

---

ከሳሪስ

እህቴ ማርታ፣ ከላይ ክርክሩ አልቋል ብዬ ነበር። አላለቀም። ይቅርታ።

---

ጋሽ_አራት_ኪሎ

ሦስት ቀን ስመላለስበት ቆየሁ። የነቀምቴው ልጅ "ያው እጅ ነው" ያልከኝን ቃል ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ብዙ ሰዓት ዝም አለች።

ሐሳቤን ሁሉ አልለወጥኩም። ካህን ከመድረክ ላይ "የመደብ ትግል" ካለ ዛሬም ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ይህ በሕይወት እስካለሁ አይለወጥም፣ የእናቴን ነጠላ አይቻለሁና። ነገር ግን ጉዲና ቱምሳን በስም እንጂ በነገር አላውቃቸውም ነበር። እኔ አራት ኪሎ ሆኜ ሌላ መጽሐፍ ሳነብ፣ እሳቸው እዚያው ከተማ ውስጥ ያን ደብዳቤ ይጽፉ ነበር ማለት ነው። ከእኔ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ።

የቤይሩቷ ልጄ፣ አንቺ የምትሠሪው ልክ ነው። ቁጥርሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ የምንሰበሰብ ጡረተኞች አለን፣ የአውሮፕላን ትኬት የምታጣ ልጅ ስትኖር እንድታሳውቂን።

የነቀምቴ ልጅ፣ የ1972ቱን ደብዳቤ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ ታገኘው እንደሆነ ላክልኝ። ፊደሉ ተለቅ ቢል ደስ ይለኛል፤ ዓይኔ ደክሟል።

---

የነቀምቴ_ልጅ

እሺ ጋሼ። እንግሊዝኛው አለኝ። ቅዳሜ አሳትሜ፣ በትልቅ ፊደል፣ ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ። ቤትዎ የት አካባቢ ነው?